ክንድ ከስንዝር ቴፕ

ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ፣ የሰውአገኝ ሱቅ አለች። ሱቅ ካሏት ነው እንግዲህ፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ሰውአገኝ ሬዲዮ ይጠግናል፣ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ያድናል፣ ሞቷል የተባለ አምፕሊፋየር ያስነሣል። ዕድሜው ሰባ ሦስት ነው። እጁ እስከ ዛሬ አይንቀጠቀጥም፤ ብየዳውን ያየ ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። እሱ ግን ይህን ምርቃት ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ትሕትና አይደለም፤ ስለዚያ እጁ እሱ የሚያውቀው ነገር ስላለ ነው።

ከሚዞርበት ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ተሰቅሏል። ሽፋኑ ላይ መሲንቆ ያቀፈች፣ አንገቷ ቀጥ ያለ ሴት አለች፤ የትነበርሽ አለምነህ ናት። ሸክላው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በወይዘሮ ጥሩ ጠጅ ቤት፣ ከነጭብጨባው፣ ከነብርሌው ድምፅ የተቀዳ ነው። የቀዳው ሰውአገኝ ራሱ ነው። ሰቅሎታል እንጂ አያጫውተውም። እስቲ አሰማን ላለው ሰው ሁሉ መልሱ «መርፌው ተሰብሯል» ነው። የስንቱን ሰው መርፌ የቀየረ ባለሙያ የራሱን መርፌ አምሳ ዓመት ሙሉ መቀየር አቃተው።

የትነበርሽ በደባርቅ በኩል ካለችው ከድብ ባሕር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት እንጂ አዝማሪ ቤት አልተወለደችም። በዚያ ዘመን መሲንቆ የሚመታው ወንዱ ነው፤ ሴቷ አጠገቡ ቆማ ትዘፍናለች፣ እስክስታ ትወርዳለች። እሷ ግን ሠርግ ለሠርግ ከሚዞሩ አዝማሪዎች አይታ፣ ከፍየል ቆዳና ከፈረስ ጭራ የራሷን መሲንቆ ሠራች። አዝማሪዎቹ ሴት ብለው ናቋት፤ ገበሬዎቹ ደግሞ የጨዋ ልጅ አዝማሪ ሆነች ብለው ተጠየፏት፤ ከሁለት ያጣች ሆነች። አባቷ አያ አለምነህ አንድ ማታ ከነመሲንቆዋ ከቤት አወጧት። እንደ አገሩ ልማድ በሬያቸው ከቤት ውስጥ ታስሮ ያድራል፤ ልጃቸው ከደጅ አደረች። በነጋታው ጎንደር ገባች።

ጎንደር መጀመሪያ ሳቀባት። ቀስ በቀስ ሳቁ ቀረና ማዳመጥ ተጀመረ። በአምስት ዓመት ውስጥ ወይዘሮ ጥሩ ቤት እሷ የምትመታ ዕለት ከተቀመጠው ሰው የቆመው በለጠ። ወሬው አዲስ አበባ ደርሶ አንድ የሸክላ ነጋዴ መቅጃውን ይዞ መጣ። ራሷ መሲንቆ እየመታች ሸክላ ያስቀረጸች ሴት ከእሷ በፊት በዚያ አገር የሚያውቅ አልነበረም። ነጋዴው መቅጃውን የሚያንቀሳቅስለት ልጅ ሲያፈላልግ፣ ኤሌክትሪክ የተማረውን፣ የመሪጌታውን ልጅ፣ የሃያ አንድ ዓመቱን ሰውአገኝን ጠቆሙት። ጥር 1964 ነበር።

ሰውአገኝ የማይክሮፎኑን ገመድ ሲዘረጋ የትነበርሽ አጠገቡ ተቀምጣ መሲንቆዋን ትቃኝ ነበር። ጨዋታ ጨዋታን አነሣና የአባቷን ነገር አወጋችው።

«በሬው ከውስጥ፣ እኔ ከደጅ አደርሁ» አለችው። «አሁን ግን ሽማግሌ ልኬ ልቡ እየራራ ነው አሉኝ። ይኼን ለማንም እንዳታወራ። ነገር ሳይበስል ሲወራ ይበላሻል።»

ሰውአገኝ ለማንም አላወራም። ያደረገው ከማውራት የከፋ ነው።

ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሰው ወጉን ያውቀዋል። ግጥም የመጣለት እንግዳ «ተቀበይ» ይልና ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪዋ ተቀብላ ታዜመዋለች። የተሰጣትን አልቀበልም ማለት በሙያው ነውር ነው። ውዳሴም ሆነ ስድብ የሰጪው ነው፤ ሰጪው ሲናገር ቤቱ ሁሉ ሰምቶታልና ማንም በአዝማሪዋ አይቀየምም። ያን እሑድ ብዙ ሰው ሰጠ፤ የትነበርሽም እየሳቀች ተቀበለች። ሰውአገኝ ሦስተኛውን ብርሌ ሲጨርስ እሱም ገጣሚ ሆነ። ለእሷ የተቆረቆረ መሰለው፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን እንድታየው ፈልጎ ነው። ከመቅጃው ኋላ ብድግ ብሎ «ተቀበይ» አለ።

በሬውን አስገብቶ ልጁን ያስወጣ ሰው፣
እሱ የሞተ ለት በሬው ያልቅሰው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የትነበርሽ ቀና ብላ አየችው። መሲንቆው አንድ ዙር ብቻውን ዞረ፤ ሁለተኛም ዞረ፤ ቃል የለም። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ተቀበለችው።

በማግስቱ ነጋዴው ቴፑን ለሰውአገኝ ሰጥቶ፣ የማያስፈልገውን ቆራርጠህ አስተካክል አለው። ሰውአገኝ «ተቀበይ» ያለውን ሰው ሁሉ እንዳለ ተወው፤ የሸክላው ለዛ እነሱ ናቸውና። የቆረጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የራሱን። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ የሳቸው ልጅ በጠጅ ሞቅ ብሎት ሲገጥም አገር ሊሰማው ነው። ይህን ፈራ። ክንድ ከስንዝር የሚሆን ቴፕ በምላጭ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን አጣበቀ። ያን የመሰለ ንጹሕ ሥራ ከዚያ ወዲህ አልሠራም። እንግዲህ ሸክላውን የሰማ ሁሉ ስንኙን የትነበርሽ ከገዛ ልቧ አውጥታ በገዛ አባቷ ላይ የተናገረችው ይመስለዋል። ያን ሰዓት ግን ለሰውአገኝ የታየው የአባቱ መቋሚያ ብቻ ነበር።

ሸክላው ታትሞ በነሐሴ መጨረሻ ደረሰ። በዚያው ሰሞን አያ አለምነህ ለሽማግሌዎቹ «ለመስቀል ትምጣ» ብለው ቃል ሰጥተው ነበር። መስከረም እንደገባ እህል ጭነው ደባርቅ ገበያ ሄዱ። አንድ ባለሱቅ ሸክላውን በትልቅ ድምፅ ማጉያ ለቆታል። አያ አለምነህ የልጃቸውን ድምፅ ለዩት፤ አህያቸውን አስቁመው፣ ደስ ብሏቸው፣ ለቆመው ሰው ሁሉ «የኔ ልጅ ናት» ሲሉ ነበር አሉ። ስንኙ እስኪደርስ ድረስ እንደዚያ ሲሉ ነበር።

የትነበርሽ ለመስቀል ብትሄድ አባቷ ከአጥሩ በር መለሷት። አያ አለምነህ በዓመቱ ሞቱ፤ ሲናዘዙም «በሬው ያልቅሰኝ፤ እሷ ሬሳዬ ላይ እንዳትቆም» አሉ። ታናሽ ወንድሟ አለነ የአባቱን ቃል ጠብቆ ለቅሶ የመጣችውን እኅቱን ከመንገድ መለሳት። ከዚያ ወዲህ ስሟን በአፉ ጠርቶ አያውቅም፤ ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀው «ያቺ» ይላል። የትነበርሽ እንፍራንዝ ሄዳ ተቀመጠች፤ መሲንቆዋን ሰቅላ ሽንኩርት ቸረቸረች። ሌላ ሸክላ አላስቀረጸችም። ሰውአገኝ ይህን ሁሉ ከሰው ሰምቷል። ከጎንደር እንፍራንዝ በማኪና አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

አምሳ ዓመት ላለመሄድ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ አባቱ በሕይወት አሉ፤ እሳቸው ሲያርፉ ዘመኑ ክፉ ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ልጆች ማሳደግ ነው። በቅርቡ ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል ይላል፤ መንገዱ ሲከፈት ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ለንስሐ አባቱ እንኳ የነገራቸው «ሰው አስቀይሜአለሁ» ብሎ ነው። ማንን፣ በምን ሲሉት «በወጣትነቴ» ብሎ አለፋቸው። የቆረጣትን ቴፕ ግን መጣል አልቻለም። በወረቀት ጠቅልሎ ከአባቱ በወረሰው የዳዊት ማኅደር ውስጥ ከቷታል። ዳዊት ሊደግም መጽሐፉን ባወጣ ባስገባ ቁጥር እጁ ትነካታለች፤ ስለዚህ ዳዊት መድገሙንም ተወ።

አምና ጥቅምት ላይ ሶሊያና የምትባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣች። ሥራዋ የድሮ ሸክላዎችን እየፈለጉ እንደ አዲስ ማሳተም ነው። የየትነበርሽን ሸክላ ከጆሮዋ ሳትነቅል ወር እንደከረመች ከአነጋገሯ ያስታውቃል።

«አባባ፣ አንድ ቦታ ግራ ገብቶኛል» አለችና ከስልኳ አሰማችው። «እዚህ ጋ ጭብጨባው ይዘላል። ከዚያ መሲንቆው ሁለት ዙር ባዶውን ይሄዳል። ምን ነበር እዚህ?»

«ቴፑ ተበጥሶ ነው» አለ ሰውአገኝ።

«የተበጠሰ አይመስልም። ቆርጦ የቀጠለው ሰው እጁ ይባረክ፤ እኔም ያገኘሁት ስንት ጊዜ ደጋግሜ ሰምቼ ነው።»

ሰውአገኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷ ምንም ሳታውቅ ቀጠለች። ስንኙን በሽፋኑ ጀርባ በየትነበርሽ ስም ልታሳትመው ነው። ሴት ልጅ በዚያ ዘመን አባቷን እንዲህ መናገሯ ትልቅ ድፍረት ነው እያለች አደነቀች። ከሸክላው በቀር የትም ያልነበረው ውሸት አሁን በጽሑፍ ሊወጣ ነው፤ ሰውአገኝ ዛሬ ዝም ካለ ውሸቱ ከእሱም ከየትነበርሽም ዕድሜ ይተርፋል።

በአራተኛው ቀን ሶሊያና ልትሰናበተው ስትመጣ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቶ ወረቀቷን ፈታ። ቴፗ ቡናማ ሆና ተጠቅልላለች። «እዚህ ውስጥ ያለው ድምፅ የኔ ነው፤ ስንኙም የኔ ነው» አላት፤ የቀረውንም ሳይደብቅ ነገራት። ሶሊያና አላጽናናችውም፣ አልወቀሰችውምም።

«እሷ ታውቃለች?» ብቻ አለችው።

በነጋታው እንፍራንዝ ሄዱ። የትነበርሽ ከደጃፏ ተቀምጣ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደኅናው ትለያለች፤ ሰማንያ ለመሙላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት አንገቷ አሁንም እንደ ሽፋኑ ቀጥ ብሏል። ተቀመጥ ብትለው እምቢ አለ። ቆሞ ነው የተናገረው።

«እትዬ የትነበርሽ፣ ድምፄን ከሸክላው የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ከአባትሽ ያጣላሁሽ እኔ ነኝ።»

እሷ ሽንኩርቱን መለየቷን አላቆመችም። «መቆረጡንማ አውቃለሁ፤ ጆሮ አለኝ እኮ» አለች። «ምነው ይኼን ያህል ቆየህ? አባቴ ሳይሞት ብትመጣ ይሰማህ ነበር።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ ምነው እገሌ ነው የሰጠኝ ሳልል ቀረሁ? ተቀብሎ ሰጪን ማጋለጥ በኛ ሙያ ነውር ነው ብዬ። ደግሞ ሁለት ዙር ሙሉ አስቤበታለሁ፤ ልተወው እችል ነበር። ስንኙ ሸጋ ነው፤ ሸጋ ቢሆንብኝ መተው አቃተኝ። ይቺ የኔ ጥፋት ናት፤ ስሸከማት ኖሬአለሁ። ያንተን ግን ከእንግዲህ አልሸከምልህም።»

ሶሊያና የተቆረጠችውን ቴፕ አጫውታ ልታሰማት ፈለገች። የትነበርሽ እጇን አወዛወዘች። «ለኔ ምን ያደርግልኛል፤ መስማት ያለበት አለነ ነው። እሱ ደግሞ ማሽን የሠራው ነው ይላል። ይኼ ሰውዬ ራሱ ሄዶ በአፉ ይንገረው።»

የድብ ባሕር ደብር ቄስ በመካከል ገብተው አለነን ለመኑት። ወር ሳይሞላ ሰውአገኝ፣ የትነበርሽና ሶሊያና ድብ ባሕር ደረሱ። አለነ ፂሙ የሸበተ ገበሬ ነው። እኅቱን ከግቢው አስገባ እንጂ ከቤት አላስገባም፤ ከግቢው ወይራ ሥር አጎዛ አነጠፈላቸው። ሰውአገኝ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ ተናገረ። አለነ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በዱላው እየጫረ ሰማው።

«ሸክላው ላይ የሰማነው የሷን ድምፅ ነው» አለ ሲጨርስ። «አባቴም የሰማው የሷን ነው። ያንተን የሰማ የለም።»

የትነበርሽ መሲንቆዋን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈታች። ቃኘች። ያን የድሮ ዜማ ጀመረችና ወደ ሰውአገኝ ዞራ «ስጠኝ» አለችው።

ሰውአገኝ ተነሣ። የሟቹ ቤት ከፊቱ ነው፤ በሩ ክፍት ነው። እዚህ ደጅ ላይ ይህን ቃል ከመናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ተቀበይ» አለ።

በሬውን አስገብቶ ልጁን ያስወጣ ሰው፣
እሱ የሞተ ለት በሬው ያልቅሰው።

መሲንቆው አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። ሰውአገኝ አሁን ትቀበለኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አዝማሪ የተሰጠውን ሲተው በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሦስተኛ ዞረ፤ አራተኛም። የትነበርሽ ዛሬ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ፊት ለፊት እያየችው ትመታለች፣ አፏ ግን አልተከፈተም። ስንኙ ከሰውአገኝ ጋር ቀረ። የሚያስቀምጥበት አጥቶ ከነስንኙ ቆመ።

አለነ መሬት መጫሩን ተወ። ቀና ብሎ ሰውአገኝን አየው። ከዚያ ወደ እኅቱ ዞረ።

«የትነበርሽ» አለ። «ፀሐዩ በረታ፤ ወደ ቤት ግቢ።»

መሲንቆው ቆመ። ሶሊያና ደግፋ አስነሣቻትና ሁለቱ አለነን ተከትለው ገቡ። ሰውአገኝ ከወይራው ሥር እንደቆመ ነው፤ ማንም ግባ አላለውም።