ሐኪሙ ያልተቀመጠበት ወንበር

በዳላስ እና በፎርት ወርዝ መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ታሪካዊ የሚባል የእንጨት ቤት አለ። የማጸዳው እኔ ነኝ። የከተማዋ የመጀመሪያ ሐኪም ይኖርበት ነበር ይላሉ፤ በሩ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፎለታል። አገር ቤት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር በዕድሜ ይበልጠዋል። እሱ ላይ ግን ልብስ ይሰጣበታል እንጂ ሰሌዳ የለጠፈለት የለም።

ቤቱም ቢሆን እዚያ የተሠራ አይደለም። የነበረበት ቦታ ላይ ሱቅ ሊሠራ ሲፈለግ በትልቅ መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። ሰሌዳው ይህንንም በኩራት ይናገራል።

ግድግዳው ላይ አገሪቱን በየአቅጣጫው በቀለም የከፋፈለ ካርታ አለ፤ ጎብኚ ሁሉ በመጣበት ቦታ ላይ መርፌ ይሰካል። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የአሜሪካን አካባቢዎች ያወቅኩት የካርታውን አቧራ ስጠርግ ነው። የሰሜን ምሥራቅ ሰዎች “ይሄ ነው ታሪክ?” በሚል ፊት ገብተው ቶሎ ይወጣሉ። የምዕራቦቹ የበሩን እጀታ ሳይቀር ፎቶ ያነሣሉ። የመካከለኛው ምዕራብ ሰዎች ሽንት ቤት የት እንደሆነ ይጠይቁና ስለጠየቁ ይቅርታ ይላሉ። የደቡቦቹ ደግሞ የሚያዩት ዕቃ ሁሉ አያታቸው ቤት ነበረ።

ሳሎኑ መሀል፣ በቀይ ገመድ ታጥሮ፣ የሐኪሙ ወንበር ተቀምጧል። የሐኪሙ አይደለም። የበፊቱን ምስጥ በልቶት ሲጣል፣ የቤቱ ኃላፊ ይህንን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በመኪናዋ ጭና አመጣችው። የዋጋውን ወረቀት በጥፍሬ የፋቅኩት እኔ ነኝ። አንዱ እግሩ የቆመው በሙጫ ነው።

የአክስቴ ልጅ ልታገባ ሆነ። የእኛ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ሌላ ሰው ያልተነሣበት ፎቶ መነሻ ካላገኘ ሰርጉ ሰርግ አይመስለውም። አክስቴ የምትኖረው ሮውሌት ከተማ፣ ሐይቅ አፍንጫ ሥር ነው።

“ሐይቅ ዳርማ ሁሉም ይነሣል” አለችኝ። “አንቺ ሙዚየም ትሠሪ የለ?”

ሙዚየሙን እንደምጠርግ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ኃላፊዋን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አፌ ድረስ እየመጣ ይመለሳል። በመጨረሻ ፈቀደች። “ግን አንድ ሰው ገመዱን ካለፈ ሰኞ እንዳትመጪ” አለችኝ። ያለኝ ሥራ እሱ ብቻ ነው።

የሰርጉ ቀን እኔም ሚዜ ነበርኩ፤ መርጠው ያለበሱኝ ቀሚስ እንደ መጋረጃ ይጎተታል። ሊሞዚኑ ሣሩ ላይ ፓርክ አደረገ። ቪዲዮ አንሺው ገና ሲገባ ዓይኑ ወንበሩ ላይ አረፈ።

“ሙሽራው፣ እዚያ ቁጭ በል፣ እንደ ንጉሥ! ሙሽሪት ከኋላ። አንቺ፣ ሚዜዋ፣ ገመዱን ሙቭ አድርጊልን።”

“አይቻልም” አልኩ።

“ምን አለች?” አለ ቪዲዮ አንሺው።

“እኔ እንጃ፣ የእሷን ድምፅ ሰምተን እናውቃለን እንዴ?” አለ አንዱ ሚዜ። ሳቁ።

“እህትዬ፣ ፎቶ ነው እኮ፣ ይዘነው አንሄድም!” አለ ሙሽራው። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አንድ እግሩን አነሣ። ኃላፊዋ እጆቿን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች።

“እግርህን መልስ!” ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሙሽራው እግሩን እንዳንጠለጠለ ቀረ።

“በሰርጓ ቀን?” አለች አክስቴ። “ለዚህ ብስባሽ ወንበር?”

“የሐኪሙ ነው” አልኩ። “ታሪካዊ ነው።”

ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ። ኃላፊዋ አማርኛ ባትሰማም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሙሽራው እግሩን መለሰ። ፎቶውን ውጪ፣ ሰሌዳው ሥር ተነሡ፤ አንድም ሰው አላነበበውም።

አክስቴ ቪዲዮውን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። ዘፈኑ መሀል የእኔ ጩኸት ይሰማል። ሙሽራው ባገኘኝ ቁጥር “የዶክተሩ ዘበኛ፣ እንዴት ነሽ?” ይለኛል።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ወንበሩን ስወለውል ያ እግሩ እጄ ላይ ቀረ። ሙጫ ፈልጌ መለስኩትና ገመዱን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። ከሰዓት በኋላ የደቡብ ሰዎች መጡ። ለካ አያታቸው ልክ እንደዚህ ያለ ወንበር ነበራት።