አንድ ኤርፎን ለሁለት

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሙዚቃ የምሰማው በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነው፤ ሌላው ለባለጉዳይ ክፍት መሆን አለበት። ባኮ ተመድቤ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ የሰው ፋይል ከመደርደሪያ አውጥቶ መስጠትና ሲመለስ ቦታው መክተት ነው፤ ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንቋቋዋል፣ በቆሎ የጫኑ መኪኖች በመስኮቱ ሥር እየጮኹ ያልፋሉ፣ እኔም ቀኑን የምገፋው የግራውን ኤርፎን ሰክቼ፣ ኢንተርኔቱ አንዱን ሙዚቃ ሲጨርስ በራሱ ፈቃድ ሌላውን እንዲያስከትል ትቼው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ረፋድ ላይ እንዲሁ ትቼው ሳለ፣ ልብ ብዬ ሳልሰማው ከቆየው ሙዚቃ መሀል አንድ ኦርጋን ገባ። ገና ከመጀመሩ እጄ ፋይሉ ላይ ደርቆ ቀረ። አብራኝ የምትሠራው ጫልቱ ፊቴን አይታ «ምነው ሌሊሴ፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ የማውቀው ሙዚቃ ነው» አልኳት። ማወቅ ብቻ አልነበረም፤ አሥር ዓመት ሙሉ ስሙን ሳላውቅ ስፈልገው የኖርኩት ነው፣ ስሙን የማያውቁትን ነገር መፈለግ ደግሞ በገበያ ቀን አንድ መልኩን ብቻ የሚያውቁትን ሰው እንደ መፈለግ ነው።

ያኔ አምቦ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ጓደኛዬ ሰሚራ ትባላለች። አባቷ ኦቦ ከድር ከስልጤ መጥተው ገበያው ዳር ብርድ ልብስ፣ ጀሪካንና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ አፋን ኦሮሞን ከእኔ አሳምረው ስለሚናገሩ ገበሬው የዋጋ ክርክሩን ረስቶ ስለ ላሞቹ ሲያጫውታቸው ይውላል። እኔ የአስተማሪ ልጅ ነኝ። አስተማሪዋ እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥም ታገለግላለች፤ ዓለማዊ ዘፈን የቤታችንን ደጃፍ አያልፍም። በእነ ሰሚራ ቤትም ከመንዙማ በቀር የሚከፈት አልነበረም። ሰንበታችንና ጾማችን ለየብቻ ቢሆንም ክልከላችን አንድ ስለነበር በዚያ በኩል በጣም እንግባባ ነበር።

ሙዚቃው የመጣው ሳይታዘዝ ነው። የሰሚራ ታላቅ ወንድም አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ለእሷ ተወላት፤ ድምፅ ማጉያው ውሃ ገብቶበት የሞተ፣ በኤርፎን ብቻ የሚሰማ ስልክ። ኢንተርኔት አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት በሚጠፋበት በዚያ ጊዜ ሙዚቃ የሚገኘው በራቸው ላይ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ወረቀት ከለጠፉት ትንንሽ ሱቆች ነበር። ሰሚራ ሜሞሪዋን ሰጥታ መንዙማ አስጫነች፤ ጫኙ ደግሞ ልክ ባለ ሽንኩርቷ ሁለት ራስ ጨምራ እንደምትመርቀው፣ ሜሞሪው ላይ ባዶ ቦታ ሲያይ አንድ ፎልደር መረቀላት። ሰባት ሙዚቃ ነው፣ ስም የለውም፣ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ብቻ። ዘፋኙ የሚዘፍንበት ቋንቋ እንግሊዝኛ አይደለም፤ እንግሊዝኛችን ደካማ ቢሆንም ይህን ለማወቅ ይበቃ ነበር።

እንዲያ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። አራተኛው ሙዚቃ ብቻውን ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። የእረፍት ሰዓታችን አሥራ አምስት ደቂቃ ስለሆነ አንድም ቀን በአንድ እረፍት ጨርሰነው አናውቅም፤ ደወሉ ሲደወል እናቆመውና የቀረውን ወደ ቤት ስንሄድ በመንገድ እንጨርሰዋለን። በቀጭን የፒያኖ ዜማ ይጀምራል፣ ልጅ ብቻውን ሲጫወት ለራሱ የሚያንጎራጉረውን የመሰለ። ከዚያ ከበሮው ይገባና ዜማዋን ያሯሩጣታል፣ ጊታሩ ይነጥቃታል፣ ትጠፋለች፤ በቃ አትመለስም ብለን ስንረሳት ቫዮሊኖቹ ተሸክመዋት ይመጣሉ፣ ያችው ናት፣ ግን አድጋለች፣ ያየችውን አይታለች። ከመሀሉ አንድ ቦታ በጭብጨባ ልንከተለው ስንሞክር እጃችን ሁልጊዜ ይስት ነበር። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የነበረችው ሰሚራ ሦስት ቀን ሙሉ ጣቷን ስታጥፍ ሰንብታ «ሰባት ነው! በሰባት ነው የሚቆጥረው!» ብላ ስትጮህ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ በዱላ ሊያባርሩን ተነሡ።

የምንሰማው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለነበር ስልኩም ገመዱም በሰሚራ ሂጃብ ይሸፈናል። ከሁለቱ ኤርፎኖች የቀኙ ጎማ ወልቆ ጆሮ ያቆስል ነበር፤ እሷ ሁልጊዜ እሱን ትወስድና ጎማ ያለውን፣ የግራውን፣ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እኔም አንድ ቀን እንኳ ተራ እንግባ አላልኳትም። ወደ ቤት ስንሄድ በአንድ ገመድ ተያይዘን፣ እግር ለእግር እያስተካከልን እንደ ተጠመዱ በሬዎች ስለምንራመድ ባጃጅ ነጂዎቹ እያፏጩ ይስቁብናል። አንድ ቀን እናቴ ደጃፋችን ላይ ደረሰችብንና ኤርፎኔን ነቅላ ወደ ራሷ ጆሮ ከተተችው። ነፍሴ ወጣች። እናቴ ግን ዓይኗን ጨፍና ኦርጋኑን ቆማ አዳመጠች፤ «ይሄማ መዝሙር ነው፣ ልብ ያሳርፋል» ብላ መለሰችልኝ፣ ለእራትም ሰሚራን ጋበዘቻት።

እኔም የምኖረው ለዚያ ኦርጋን ነበር። በአራተኛው ሙዚቃ መጨረሻ ገደማ ሁሉም ዝም ይላል፣ ከበሮውም፣ ጊታሩም፣ ሰውየውም፤ አንድ የኦርጋን ድምፅ ብቻ ሳይነቃነቅ ለረጅም ጊዜ ይቆማል። አባቴ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በቤታችን ስለ እሱ አይወራም፤ እናቴ እንዳትከፋ እኔ ዝም እላለሁ፣ እኔ እንዳልከፋ እሷ ዝም ትላለች። ያ ድምፅ ሲቆም ግን አባቴ ከውጭ ገብቶ በሩ ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር፣ አይገባም፣ አይሄድምም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለሰሚራ ብቻ ነገርኳት። ድምፁ በመጣ ቁጥር ክንዷን ይዤ «ሰማሽው?» እላታለሁ። «ሰማሁት» ትለኛለች፣ «ያምራል።» ያኔ ብቻዬን አይደለሁም።

የተጣላነው በዚያው ቦታ ላይ ነው። አንድ ቀን ኦርጋኑ ቆሞ ሳለ ዞር ብዬ ሳያት እንባዋ ይወርዳል። «ሴትየዋ ዛሬስ አንጀቴን በላችው» አለችኝ። የቷ ሴትዮ አልኳት። «ይህች የምታዜመው፤ ቃል የላትም፣ እንዲሁ ስታንጎራጉር ነው።» ጆሮዬን አቀናሁ፤ ኦርጋን ብቻ። ሴት የለችም አልኳት፣ አለች አለችኝ፣ የለችም አልኳት። የእኔን ቦታ፣ አባቴ የሚቆምበትን ቦታ፣ የሌለ ሰው አምጥታ የምትሞላብኝ መሰለኝ፤ በዚያ ላይ ውሸት ኃጢአት ነው እየተባልኩ ያደግኩ፣ እውነት በእጄ ያለ የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ። ሰሚራ ኤርፎኗን ከሂጃቧ ሥር አውጥታ «እንኪ፣ ስሚያት» ብላ ዘረጋችልኝ። እጇን ገፋሁት። «ጂኒሽን ለራስሽ ያዢው» አልኳት፣ በአጠገባችን የሚያልፉ የክፍላችን ሴቶች እየሰሙ።

ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ የእኔ መሆኑ ቀረ። በማግሥቱ ክፍል ስትገባ አንዷ «ባለ ጂኗ መጣች» አለች፣ ሌሎቹ ሳቁ፤ በሳምንቱ ወንዶቹም ያውቁት ነበር። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን አላስቆምኳቸውም። ሰሚራ ከፊት ወንበር ተቀየረች። እረፍት ሲሆን እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ እሄዳለሁ፣ ባሕር ዛፎቹ አሉ፣ እሷ የለችም፤ መጥታ ይቅርታ እንድትለኝ እጠብቃት ነበር፣ እኔን! ከዚያ በተቃውሞው ሰበብ መንገድ ሲዘጋ ሱቅ የሚዘጋበት፣ ሱቅ ሲከፈት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መጣ። ኦቦ ከድር ጥቂት ወር ታግሠው ዕቃቸውን በአንድ አይሱዙ ጭነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሲሰናበታቸው እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። ሰሚራ ከሹፌሩ ጎን በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ወደ ቤታችን ስትመለከት ነበር፣ ወጥቼ እጄን ለማውለብለብ አሥር እርምጃ እንኳ አይሞላም፣ አልወጣሁም።

እንግዲህ ባኮ፣ በዚያ ረፋድ፣ ሙዚቃውን አቆምኩትና የምሳ ሰዓትን ጠበቅኩ። ጫልቱ ምሳ ልትበላ ስትወጣ በሩን ገፋ አድርጌ ሁለቱንም ኤርፎን ሰካሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ሃያ ሦስት ደቂቃውን በአንድ ጊዜ፣ ደወል ሳይደወል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ፒያኖው መጣ፣ ከበሮው አሯሯጣት፣ ቫዮሊኖቹ ተሸክመዋት ተመለሱ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። በግራ ጆሮዬ ያ ኦርጋኔ ቆመ። በቀኝ ጆሮዬ አንዲት ሴት ማንጎራጎር ጀመረች።

የቀኙን አወጣሁት፣ ጠፋች። መለስኩት፣ አለች። የግራውን አወጣሁት፤ ኦርጋኑ ፈጽሞ የለም፣ እሷ ብቻ፣ ቃል የሌላት፣ ያችን የመጀመሪያዋን የፒያኖ ዜማ እያስታመመች ታወርዳታለች። ሙዚቀኞቹ ድምፁን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ አስቀምጠውት ነበር፤ ኦርጋኑ የሚቆመው እሷን አዝሎ ኖሯል። እኛ ደግሞ ጆሮ ለጆሮ ገጥመን ተቀምጠን ሰሚራ አንዱን፣ እኔ ሌላውን ስንሰማ ነበር። ለማወቅ የሚያስፈልገኝ የዘረጋችልኝን መቀበል ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ጫልቱ ስትመለስ ጉንፋን ነው አልኳት።

ቅዳሜ ወደ አምቦ ሄድኩ። ከኦቦ ከድር ሱቅ ጎን ጨርቅ የሚሸጡት ኦቦ በቀለ አሁንም አሉ፤ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የአስተማሪዋ ልጅ!» ብለው ተቀበሉኝና የኦቦ ከድርን ቁጥር ሰጡኝ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ለበዓል ይደዋወላሉ። ኦቦ ከድር ደግሞ የሰሚራን ሰጡኝ። አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ ሱቅ አላት። ድምፄን ስትሰማ በደስታ ጮኸች። እኔ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «ሰሚራ፣ ሴትየዋ አለች» አልኳት።

 ያለ መሰናዶ የተናገርኩት ነገር የገባት ቆይቶ ነው። «አለች እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እኮ አንዳንዴ እውነትም ጂኒ ይሆናል እል ነበር። እማ ወሬውን ሰምታ ሼኽ ጠርታ ቁርኣን አስቀራችብኝ፣ ሜሞሪውንም አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ አልሰማኋትም።» ይቅር በይኝ አልኳት፤ የምለው ብዙ ነበር፣ የወጣኝ ግን እሱ ብቻ ነው። «ልጅነት ነው፣ ተይው» አለችኝ፣ እውነትም ቂም አልነበረባትም፣ ይህም ባሰብኝ። ከዚያ ስለ ኦርጋኑ አነሣሁላት፣ ሁለታችንም እንወደው ስለነበረው፣ ድምፁ አሁንም እንደዚያው እንደሚቆም ነገርኳት።

«ሌሊሴ» አለችኝ፣ «በእኔ በኩል ኦርጋን አልነበረም።»

«ሰማሁት ትይኝ ነበር እኮ» አልኳት።

«አባቴ በሩ ላይ ቆመ እያልሽ ክንዴን ይዘሽ ስትጠይቂኝ ምን ልበልሽ? አልሰማም ልበልሽ?»

በስልኩ ውስጥ ሕፃን አለቀሰ፣ ደንበኛ የሆነ ነገር ዋጋ ጠየቀ።  ያ ሁሉ እረፍት፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ብቻዬን ያልነበርኩበት ጊዜ እሱ ብቻ ነው እያልኩ የኖርኩበት፣ ያኔም የምሰማው ብቻዬን ኖሯል፤ አጠገቤ የነበረው ሌላ ሰሚ ሳይሆን እኔን ብቸኛ ላለማድረግ በየቀኑ የማትሰማውን ሰማሁ የምትል ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ ውሸታም ያልኳት በተናገረችው አንድ እውነት ነው። እንዲያ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝም አላወቅኩትም ይሆናል።

ሙዚቃውን ልላክልሽ ወይ አልኳት በመጨረሻ። «ላኪልኝ፣ እሰማዋለሁ» አለችኝ፤ ልጁን እያባበለች፣ ለደንበኛው ዋጋ እየነገረች፣ በዚያች በማውቃት ለስላሳ ድምፅ። በዚያው ቀን ላክሁላት። ወራት አለፉ፣ ለበዓል እንደዋወላለን፣ ስለ ልጆቿ ታጫውተኛለች። ሰማሽው ወይ ብዬ ግን ጠይቄያት አላውቅም፤ ብጠይቃት ሰማሁት ነው የምትለኝ።