የእትዬ ኮንሲንግ ክንድ ልክ

ቶንዶ በተባለው የወደብ ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ እትዬ ኮንሲንግ ሙዝ በስኳር እየጠበሱ መሸጥ ከጀመሩ ሃያ አንድ ዓመታቸው ነው። በድልድዩ በኩል ያለውን የያዘው የጎረምሳው የኔስቶር ቡድን ነው፤ የወደቡን በኩል ደግሞ የኤርዊን። መታጠፊያው ግን የእሳቸው ነበር።

በዚያ ሰሞን ሁለቱም ፈለጉት። ሰኞ የኔስቶር ልጆች ከጀርባቸው ያለውን ግድግዳ ቀይ ቀቡት። ረቡዕ የኤርዊን ልጆች በሰማያዊ ደረቡበት፤ የእትዬ ኮንሲንግን የሙዝ ጋሪም ሳይቀር ቀቡት። ከሁለቱም ወገን የመጣው መልእክት አንድ ነበር፦ «እስከ እሑድ ቦታውን ይልቀቁ፤ ድብድብ አለ።»

«እሑድ የሕፃኑ ኢየሱስ በዓል ነው፤ ገበያዬ የዚያን ቀን ነው» አሉና ሙዛቸውን አዘጋጁ። ሁለቱንም ጎረምሶች ክርስትና ያነሱት እሳቸው መሆናቸውን አልረሱም።

እሑድ ከቀትር በኋላ ኔስቶር ብረት፣ ኤርዊን ዱላ ይዘው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ከግራና ከቀኝ ብቅ አሉ። እትዬ ኮንሲንግ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«በዓል አይደለም እንዴ? የክርስትና እናትን እጅ ግንባር ላይ አድርጎ መሳለም ቀረ?»

«ኒናንግ፣ አሁን አይመችም» አለ ኔስቶር፣ የክርስትና እናቱን በልማዱ ጠርቶ።

«አንተስ ኤርዊን? ክርስትና ሳነሳህ ቀሚሴ ላይ ሸንተህብኝ ዝም ብዬሃለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ከኤርዊን ጀርባ አንዱ ሳቁ አመለጠው።

«እሺ፣ እሱ ይቅደም» አለ ኤርዊን ፊቱ እየቀላ።

«እኔ የምቀድመው ሞቼ ነው!» አለ ኔስቶር።

«እጄ ሁለት ነው፤ እኩል አጎንብሱ። የያዛችሁትንም አስቀምጡ፣ ነውር ነው።»

ብረቱም ዱላውም መሬት ነካ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው የእሳቸውን እጆች ግንባራቸው ላይ ሲያደርጉ፣ እትዬ ኮንሲንግ የልጆቹን እጅ ጭብጥ አድርገው ያዙ።

«የክርስትና ወንድማማቾች ናችሁ። ከዚህኛው እጄ ወዲያ ያንተ፣ ከዚያኛው ወዲያ የሱ። መሐሉ የኔ።»

ኔስቶር ኤርዊንን ሰረቅ አድርጎ አየውና ፈገግ አለ። «ይሁን፤ ክንድዎ እንደሆነ አጭር ነው።»

እሳቸው ለቀቋቸውና ባንድ እጃቸው የሙዙን መቆንጠጫ፣ በሌላው ረጅሙን ጭልፋ አንስተው እንደገና ዘረጉ።

«አሁንስ?»

ግድግዳው ላይ መቆንጠጫው በደረሰበት ቀይ፣ ጭልፋው በደረሰበት ሰማያዊ ምልክት ተቀባ። ዝናብ ቀለሙን ባጠበው ቁጥር ልጆቹ ሊያስለኩ ይመጣሉ። እትዬ ኮንሲንግም ይዘረጋሉ፤ ጭልፋው ግን ከዓመት ዓመት እየረዘመ ነው።