ጣሪያዬ ላይ የነበረው ሮቶ

ባለፈው ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ ተማሪዎቼን ቁርኣን አስቀርቼ ወደ ቤት ስመለስ፣ ገና የግቢውን በር ስከፍት ከውስጥ የማያቋርጥ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሰማሁ... የታላቅ እህቴ የኦክስጅን ማሽን ነበር።

እህቴ ዘሃራ ሳንባዋ ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቀንም ሌሊትም የምትተነፍሰው በዚያ ማሽን ነው። ማሽኑ ደግሞ የሚሠራው ጣሪያችን ላይ ባሉት ስድስት ሶላር ፓነሎች ነው። ሮጬ ስገባ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሏል። መናገር አልቻለችም።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

ከሦስት ወር በፊት፣ እዚህ ሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ባለው ቤታችን ጣሪያ ላይ አንድ ትልቅ ሮቶ አሰቀልሁ። መንገደኛ ለሶላት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርግበት ውኃ ነው፤ ለሟቹ አባታችን ሰደቃ እንዲሆን አስቤ። ነገር ግን ከቀትር በኋላ የሮቶው ጥላ በሁለቱ ፓነሎች ላይ ያርፍ ጀመር። ስድስቱ በአንድ መስመር የተያያዙ በመሆናቸው የሁሉም ጉልበት አብሮ ወረደ። ስለዚህ ሁለት ሰዎችን አማከርሁ።

አንደኛው የሶላር ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ጢሙ የተስተካከለ፣ አንደበቱ የታረመ፣ በመስጊድ ከመጀመሪያው የሰጋጆች ሰፍ የማይጠፋ ሰው። «በየፓነሉ ኦፕቲማይዘር ያስገጥሙ። ከዚያ በኋላ ጥላ ኖረ አልኖረ ልዩነት የለውም፤ ወላሂ!» አለኝ።

ሁለተኛው ጎረቤታችን አብዲ ነው። የሐርጌሳ ተወላጅ ሆኖ ድሬዳዋ ያደገ፣ የታወቀ የሶላር ባለሙያ፤ ከምሳ በኋላ ግን ጉንጩን በጫት ወጥሮ የሚውል። ታላቅ ታናሽ ሳይል ሁሉንም «አንተ» ይላል።

«አቦ ኡስታዝ፣ ኦፕቲማይዘሩ ጥሩ ነው፣ አስገጥመው። ጥላ ውስጥ ያለው ፓነል ፀሐይ ላይ ያለውን ወደ ታች እንዳይጎትተው ያደርጋል። ግን ፀሐይ አይፈጥርም! ጥላ ያረፈበት ያው ደካማ ነው። ብርዱ ሲገባ ፀሐይ ዝቅ ትላለች፣ የሮቶህ ጥላ ይረዝማል፣ አራቱን ይሸፍንልሃል። ሮቶውን አውርድ።»

«ሰደቃ አውርድ ትለኛለህ? አንተ መጀመሪያ ጉንጭህን አውርድ!» አልሁት።

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ኪታብ በቀራሁበት ቦታ የምስክር ቃል ከመመዘኑ በፊት ምስክሩ ራሱ ይመዘን ነበር። እኔም መዘንኋቸው፤ የሰጋጁን ቃል ተቀብዬ የቃሚውን ጣልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ሰላምታ ነፈግሁት።

ኦፕቲማይዘሮቹ በተገጠሙ ጊዜ በማሳያው ላይ ያለው ቁጥር በእርግጥ ከፍ አለ። እኔም ከቁጥሩ ጋር ከፍ አልሁ... ወደ ቤታችን የሚገባውን የከተማውን የመብራት መስመር አስቆረጥሁ። የመጠባበቂያው ኦክስጅን ሲሊንደር ሲጎድልም «ምን ያስፈልጋል?» ብዬ ሳላስሞላው ቀረሁ።

እነሆ ማክሰኞ ደረሰ። ባትሪው ባዶ ነው፣ ኢንቨርተሩ ጠፍቷል፣ የሲሊንደሩ መለኪያ ቀስት ቀዩ ላይ ቆሟል። ቫልቩን ልከፍት ሞከርሁ። ሞት ሐቅ መሆኑን አርባ ዓመት ያስተማርሁ ሰው አንዲት ቫልቭ ማዞር አቃተኝ።

ወደ ግቢ ወጥቼ በአጥሩ ላይ ጮኽሁ። «አብዲ! አብዲ፣ በአላህ ይዤሃለሁ!»

ከአጥሩ ወዲያ ይሰማ የነበረው ጨዋታ ጸጥ አለ... አፍታም ሳይቆይ አብዲ አጥሩን ዘሎ ገባ፤ አብረውት ይቅሙ የነበሩ ሦስት ጓደኞቹም ተከተሉት። ቫልቩን ባንዴ ከፈተው፣ ጭምብሉን እህቴ ፊት ላይ አደረገ፣ ከዚያም ቀስቱን አየ።

«ስንት ደቂቃ ያቆያታል?» አልሁት።

«እሱን አትጠይቀኝ ኡስታዝ። የሰፈሩ መብራት ጠፍቷል፣ ከእኔ ቤት መሳብ አይቻልም። ሮቶው ይውረድ?»

«ይውረድ።» አልሁት።

ጣሪያው ላይ ስወጣ ጥላው ልክ እሱ እንዳለው አራቱን ፓነሎች ሸፍኖ አገኘሁት። ሦስቱ ጓደኛሞች ግማሽ ውኃ የቀረበትን ሮቶ በትከሻቸው ገፍተው ወደ ጓሮ ጣሉት። የአባቴን ሰደቃ አሸዋው ጠጣው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ኢንቨርተሩ ፊት ቆሜ ያሲንን መቅራት ጀመርሁ። በልጅነቴ በቃሌ የሐፈዝኋት ሱራ... መካከሏ ላይ ጠፋችብኝ። እንደገና ጀመርሁ፣ እንደገና ጠፋችብኝ። አብዲ የእህቴን እጅ ይዞ «አይዞሽ እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢ... ቀስ...» ይላታል። ባዕድ ወንድ የእህቴን እጅ ይዞ እያየሁ ያሲንን ዳግም ከመጀመሪያዋ ጀመርሁ። የሲሊንደሩ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ...

አረንጓዴዋ መብራት በራች። ማሽኑ አንዴ ጮኸና ማጓራት ጀመረ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ጩኸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

የእህቴ ከንፈር ቀለሙ ሲመለስ መጀመሪያ የተናገረችው «ወንድሜ... ለልጆቹ ሻይ አፍላላቸው» የሚል ነበር። ተቀምጬ አለቀስሁ።

የሰፈሩ መብራት ሲመጣ፣ የእኛ መስመር እስኪመለስ ድረስ አብዲ ከእሱ ቤት በአጥሩ ላይ ሽቦ ዘረጋልን። «ኡስታዝ፣ ከጫት ቤት የመጣ መብራት ሐላል ነው?» እያለ ቀለደብኝ። ሽቦውን ተቀብዬ የማሽኑን መሰኪያ ሰካሁበት።

ጫትን ዛሬም አወግዛለሁ፤ ይህን ማንም አይጠራጠር። ነገር ግን ስለ ሮቶው ጥላ እውነቱን የነገረኝ ቃሚው ነበር፤ እኔ ጉንጩን ሳይ ቃሉ አመለጠኝ።

ሮቶው ተጠግኖ አሁን መሬት ላይ፣ ከግቢው በር አጠገብ ተቀምጧል... መጀመሪያ ውዱእ ያደረገበትም አብዲ ነው፤ ጉንጩን አውርዶ።