መልአኩ ለምን አልለካም?

ልጅ ሳለሁ ሱሉልታ ውስጥ መብራት ሲጠፋ እናቴ ታማርር ነበር፣ እኔ ደግሞ በልቤ እልል እል ነበር። ቴሌቪዥን የሌለበት ምሽት የኦቦ ደበሌ ምሽት ነበርና። ኦቦ ደበሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ላም አርብተው፣ የሣር ድርቆሽ ሸጠው የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞተችባቸው ቁጡ ሽማግሌ። ቀን ቀን ሣራቸውን የረገጠ ልጅ ካዩ በዱላ ያባርሩናል፤ ሲመሽ ግን ያው ያባረሩንን ልጆች «ኢጆሌ፣ ኑ ግቡ!» ብለው ይጠራሉ። ያኔ ማድ ቤታቸው ውስጥ በኩበት ጭስ ዓይናችን እያነባ፣ ፊታችን በፍሙ እየጋለ፣ ጀርባችን ከእንጦጦ በሚወርደው ንፋስ እየተንቀጠቀጠ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን እንሰማቸው ነበር። ከግድግዳው ላይ የተሰቀለች ኩራዝ ነበረች፤ ከምታበራው የምታጨሰው ይበልጣል።

ተረታቸው ብዙ ነው። ጳጉሜ ሲገባ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው አንዱን ብቻ ያወሩ ነበር። «ይሄን አባቴ ነው እኔንና ወንድሜን እሳት ዳር አስቀምጦ የነገረን» ብለው ይጀምራሉ። እግዚአብሔር ወራትን ለሰው ሲያድል አንድ ገበሬ አኩርፎ ቆመ አሉ። «ምን ሆንክ?» ቢለው፣ «ጌታዬ፣ ሰኔን ለእርሻ ሰጠኸኝ፣ ኅዳርን ለአጨዳ፣ ጥርን ለውቂያ። ነፍሴን የማሳድግበት ቀን የትኛው ነው?» አለ። እግዚአብሔርም አውድማ ላይ እንደሚቀር እህል የተራረፉትን ቀናት ለቃቅሞ ሰጠውና፣ «ጳጉሜ ይሁንልህ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ መልአክ ልኬ ነፍስህ ምን ያህል እንዳደገች አስለካለሁ» አለው።

ገበሬው ታዲያ የዋዛ አልነበረም። ጾመ፣ ሰገደ፣ በሩፋኤል ቀን ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ተጠመቀ። ዋዜማው ደረሰ። መልአኩ መሬት እንደሚለካ ሰው ገመዱን ተሸክሞ መጣ፤ ዘረጋው፣ አየው፣ መልሶ ጠቀለለው። «አልለካም» ብሎ ተነሣ።

ኦቦ ደበሌ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። «ለምን አልለካም?» እላለሁ እኔ። «እናቶቻችሁ ይጠብቃሉ፣ ሂዱ» ይላሉ። በቃ። በሚቀጥለው ዓመትም ጳጉሜ መጥቶ ያው ገበሬ ጾሞ፣ ሰግዶ፣ ተጠምቆ ያው መልአክ ያው ገመዱን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ሌሎቹ ልጆች ረስተውት ይተኛሉ፤ እኔ አልተኛም ነበር። እንዴት ነው ነገሩ? ሰውየው የታዘዘውን ሁሉ አድርጓል። እናቴን ጠየቅኳት፤ «ተረት ነው እኮ፣ እንቅልፍሽን ተኚ» አለች። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችንን ጠየቅኩ፤ «ነፍስ በገመድ አትለካም» አሉኝ። እሱንማ እኔም አውቃለሁ፣ ጥያቄዬ እሱ አልነበረም። ከጾምና ከስግደት ሌላ ምን ጎድሎበት ነው? አንድ ዓመት እኔም ጳጉሜን ከእናቴ ጋር እየጾምኩ ስለነበር ነገሩ የገበሬው ብቻ አልነበረም። መልአኩ እኔንም ሳይለካኝ ቢሄድስ?

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አባታቸው ተረቱን የነገሯቸው ለእሳቸውና ለወንድማቸው ከሆነ፣ መጨረሻውን ወንድምየውም ያውቁታል ማለት ነው። ወንድምየው ደግሞ ሩቅ አልነበሩም፤ በሰፈራችን መሃል ከምታልፈው ትንሽ ወንዝ ማዶ ያለው የቆርቆሮ ቤት የኦቦ ቶሎሳ ነው። የሁለቱን ጠብ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባታቸው ሲሞቱ ወንዟ ዳር ባለች አንዲት ላም በቀን ጨርሳ በምትግጣት ቁራጭ ሣር ተጣሉ፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በቀኝ በር ከገባ ሌላው በግራ ይገባል። ሽማግሌ ተልኮባቸዋል፣ ቄስ ተልኮባቸዋል፤ ኦቦ ደበሌ «ታላቅ ነኝ፤ ይምጣ!» ይላሉ፣ ኦቦ ቶሎሳ «የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ ይምጣ!» ይላሉ። በኛ ሰፈር በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወንድማማች ሁሉ ችቦውን ይዞ ታላቁ ደጅ ይሰበሰብና ከታላቁ ችቦ ለኩሶ ወደየቤቱ ይሄዳል። የነሱ ችቦ ግን ወንዟን ለሁለት ከፍሎ ወዲህና ወዲያ ይነድ ነበር። እኛ ልጆች የማን እንደሚበልጥ ቆመን እናወዳድር ነበር እንጂ የሚያሳዝን ነገር መሆኑ አልታየንም።

በዋዜማው ጠዋት በድንጋዮቹ ላይ እየዘለልኩ ወንዟን ተሻገርኩ። ኦቦ ቶሎሳ ደጃቸው ተቀምጠው የችቦ ጭራሮ ያስሩ ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ከወዲያ ማዶ ነኝ። ኦቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። መልአኩ ገበሬውን ለምን አልለካውም?»

እጃቸው ጭራሮው ላይ ቆመ። «ማን ነገረሽ ይሄን?»

«ኦቦ ደበሌ። ግን አይጨርሱትም። መልአኩ ‹አልለካም› ካለ በኋላ ‹ሂዱ› ይሉናል።»

«እዚያ ላይ ነው የሚያቆመው?»

«ሁልጊዜ።»

ጭራሮውን መሬት ላይ ጣሉት። የተቆጡ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ «ቁጭ በይ» አሉኝ። «አባታችን እዚያ ላይ አያቆመውም ነበር። መልአኩ ገበሬውን ‹ብቻህን አልለካህም፤ ያኮረፍከውን ወንድምህን ይዘህ ና፣ አንድ ላይ ቁሙልኝ› ነው ያለው።»

«እሺ ገበሬው ሄደ?»

«እሱን አባታችንም አልነገረን። እዚያ ሲደርስ ሁለታችንን እያፈራረቀ ያየን ነበር።» ጭራሮውን መልሰው ማሰር ጀመሩ። «ሂጂ በይ፤ ዝናብ ሳይመጣ ተሻገሪ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የክረምቱ መሰናበቻ የሆነ ዝናብ ጣለ፤ ወንዟም ድንጋዮቹን ዋጠቻቸው። አመሻሹ ላይ ሲያባራ ኦቦ ደበሌ ችቦአቸውን ለኮሱ፤ እኛ ልጆችም እናቶቻችንም እንደ ልማዳችን ከበብናቸው። ማዶ ግን ችቦ አይታይም ነበር። አንድ ልጅ «ኦቦ ቶሎሳ ዘንድሮ አላበሩም!» ብሎ ሲጮህ ኦቦ ደበሌ ሳይፈልጉ ዞር አሉ፤ አንገታቸውን አስግገው ማዶውን ሲያዩ አየሁ። አሟቸው ይሆን እንዴ ብለው ነው መሰለኝ ፊታቸው ተለወጠ።

ያኔ ነው ከጨለማው ውስጥ ኦቦ ቶሎሳ ብቅ ያሉት። ያልተለኮሰ ችቦ በትከሻቸው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ፣ ጫማቸው በእጃቸው።

«አካም ጂርቱ?» አሉ ታላቃቸውን። እንደምን ሰነበትክ ማለት አልነበረም፤ እንደ ታላቅ አክብረው «እንደምን አሉ?» ነው ያሉት።

ኦቦ ደበሌ ችቦአቸውን ከፍ እንዳደረጉ ቆሙ። እኔ በፍርሃት የእናቴን ነጠላ ያዝኩ። እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ፤ ከቄስ ጋር የመጣ ሽማግሌ ከደጃቸው መልሰዋል። ዛሬ ወንድማቸውን ቢመልሷቸው ጥፋቱ የኔ ጥያቄ ነው። ከዚያ ኦቦ ደበሌ ችቦአቸውን ዝቅ አደረጉ። ኦቦ ቶሎሳም የራሳቸውን አስጠጉ። የረጠበው ጭራሮ ግን ጨሰ እንጂ አልያዘም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ችቦ ለችቦ አነካክተው፣ ግንባር ለግንባር ሊገጣጠሙ ደርሰው፣ በጭሱ እያለቀሱ ብዙ ቆሙ።

«እርጥብ ችቦ ይዞ የሚመጣ ማን አለ!» አሉ ኦቦ ደበሌ።

«ወንዙ ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ያዘ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ኦቦ ደበሌ «ሴኒ» አሉ፤ ግባ ማለታቸው ነው።

ያን ምሽት መብራት አልጠፋም፤ እኛ ግን ቴሌቪዥኑን ትተን ማድ ቤት ገባን። የኦቦ ቶሎሳ ሱሪ እሳት ዳር እየተነነ፣ ቆሎው እየዞረ፣ ሁለቱ የሚያወሩት ስለ ላም ብቻ ነበር። እኔ ግን አላስቻለኝም። «ገበሬው በመጨረሻ ወንድሙ ጋ ሄደ?» አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ታላቃቸውን አየት አድርገው «ሄደ» አሉ፤ ክብራቸውን ሊጠብቁላቸው ፈልገው ይመስለኛል።

ኦቦ ደበሌ ፍሙን በእንጨት ሲገላብጡ ቆዩና፣ «አልሄደም» አሉ። «ታናሹ ነው የመጣው።»

ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ የተጣሉባት ሣርም ፎቅ ወጥቶባታል። እኔ አሁን ቡራዩ ነው የምኖረው፤ ጳጉሜ ሲመጣ እንደ ሰው ሁሉ እጾማለሁ፣ በአዲሱ ዓመት ይሄን እጸልያለሁ ያንን አነባለሁ እያልኩ ለራሴ ቃል እገባለሁ። አንዳንዱ ይሳካል፣ አብዛኛው ጥቅምትን አይሻገርም። ስለ ነፍስ እድገት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ስታድግ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዋዜማ ብቻ ነው። የማን ነፍስ እንደሆነች ነው እስከ ዛሬ ያልለየልኝ። አንዳንድ ጊዜ በሞላ ወንዝ የተሻገሩት ናቸው እላለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በልጆች ፊት «አልሄደም» ያሉት። መልአኩም ለይቶ መለካት የቸገረው ለዚህ ይሆናል።