ከማዳም ጋር ወደ ሰበሎቃ

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ለኢድ አራት ቀን ፈቃድ አገኘሁ። ካርቱም ውስጥ ቡሪ በተባለ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቤት ስድስት ዓመት በሠራተኝነት ስኖር አራት ቀን ተከታትሎ ሲሰጠኝ የመጀመሪያው ነበር። ባሌ ጀማል ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የፎቅ ግድግዳ የሚቀባ ሰው ነው። ከተጋባን ጀምሮ "አንድ ቀን ቋጥኝ ላይ አወጣሻለሁ፤ ዓባይን ከላይ ታይዋለሽ" ይለኛል። ድንኳን ገዛን፤ ገመዱንና የወገብ መታጠቂያውን ከአለቃው ተዋሰ። የምንሄደው ከካርቱም በስተሰሜን ወዳለው ሰበሎቃ ነው፤ ዓባይ በድንጋይ ተራሮች መካከል ተጨንቆ የሚያልፍበት ቦታ። ሁለት ሌሊት፣ ለሁለታችን ብቻ። ዓላማው ይኸው ነበር፤ ሌላ የለውም።

ጥፋቱ የኔ ነው። አሠሪዬ ማዳም ጉዞውን ስትሰማ "በአውቶቡስ ምን ያንገላታችኋል? መኪናዬን ውሰዱ" አለችኝ። እኔ ሞኟ እጇን ልስም ምንም አልቀረኝ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከሰፈራችን ከዴም በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ ተነስተን ቡሪ ስንደርስ መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ማዳም ከሹፌሩ ወንበር ጎን ተቀምጣለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ልጇ ሩባ ከኋላ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ አንቀላፍታለች። ዕቃ መጫኛው ላይ የበረዶ ሳጥን፣ ምንጣፍ፣ ከሰል፣ ድስትና አንድ ካርቶን የኢድ ብስኩት ተጭኗል።

"ያላ ሰዓዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታብን!" አለችኝ ማዳም።

ጀማልን አየሁት። "ማዕሌሽ" አለኝ በሹክሹክታ፤ ምንም አይደል ማለቱ ነው። ዓረብኛው ሁሉ ቢጠፋው ይህች ቃል አትጠፋውም።

ጀማል መሪውን ይዞ፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ባሕሪ የተባለውን የከተማ ክፍል አቋርጠን ወደ ሸንዲ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ግራና ቀኙ ጠፍ ሜዳ፣ አልፎ አልፎ ግራር፣ አልፎ አልፎ የጭነት መኪና። መንገድ ዳር አንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ ቆመን፣ በሁለት መቶ ጂኔ ሻይ በትኩስ ለጌማት ጠጣን፤ ለጌማት በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ሊጥ ነው። ኬላ ላይ ፖሊሱ ወደኛ አጎንብሶ "እነዚህስ?" ሲል ማዳም "ሠራተኞቼ" አለችው። ጀማል መቼ ተቀጠረላት? እኔም ብሆን ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነኝ። ደሜ ፈላ።

ሰበሎቃ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ከአስፋልቱ ወጥተን በአሸዋ እየተንገጫገጭን ወንዙ ዳር ደረስን። ውኃው ላይ ያጎነበሱ ቀያይ ቋጥኞች፣ ዓሣ ጠባሾች፣ የጀልባ ሰዎች። አንድ ሽማግሌ እንግሪብ፣ ማለትም በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ ለአንድ ሌሊት በአንድ ሺህ ጂኔ ያከራያሉ። ማዳም ሁለት ተከራየች።

"እነሱስ?" አሏት ወደኛ እያዩ።

"እነሱ ድንኳን አላቸው።"

ድንኳኑን ተክለን ሳንጨርስ "ሰዓዳ፣ ከሰሉን አቀጣጥዪ" ተባልኩ። ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ለማዳም እግር ውኃ ማሞቅ። ወንዙ ዳር ሰሃን ሳጥብ ሽማግሌው መጡና "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ላንቺ ኢድ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። ሰሃኑን ማጠቤን ቀጠልኩ። ሥራው አይደለም ያሳፈረኝ፤ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ያሳፈረኝ በዓሌን በገዛ እጄ አሳልፌ መስጠቴ ነው።

ሲመሽ አቧራ ያዘለ ነፋስ ተነሳ። ማዳም ልጇን ይዛ ድንኳናችን ውስጥ ገባችና ዚፑን ዘጋችው። እኛ እንግሪቦቹ ላይ ፊታችንን ሸፋፍነን አደርን። "ማዕሌሽ" አለኝ ጀማል። ጀርባዬን ሰጠሁት።

ሁለተኛው ቀን፣ አሥር ሰዓት

ጠዋት ቋጥኙ ሳይግል ልንወጣ ነበር። ማዳም ግን "በረዶ አለቀ" ብላ ጀማልን ወደ መንደር ላከችው። ደግሞ ሄደላት! ሲመለስ ድንጋዩ እጅ አያስነካም። አሥር ሰዓት ሲሆን ገመዱን እግሩ ሥር ወረወርኩለት።

"ወይ አሁን ትወጣለህ፣ ወይ በእግሬ ዴም እገባለሁ!"

በቋጥኙ ጀርባ በኩል ዞሮ ወጣና ገመዱን አናቱ ላይ ካለ ትልቅ ድንጋይ ጋር አስሮ ጫፉን ለቀቀልኝ። መታጠቂያዬን አጥብቄ ባሳየኝ ቋጠሮ ገመዱን አሰርኩ። ቁመቱ ሦስት ፎቅ ያህላል። ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ፣ እግሬን ሸካራው ላይ እያደረግሁ ወጣሁ፤ በወጣሁ ቁጥር ጀማል ከላይ ገመዱን ይሰበስባል። እኩሌታው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ቀጣዩን ስንጥቅ ፈለግሁ። ያኔ ከታች ድምፅ መጣ።

"ሰዓዳ! ተዓሊ፣ ነይ ሻይ አፍዪልን!"

ጀማል ከላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። "ላውርድሽ እንዴ? አፍልተሽላት ትመለሻለሽ።"

ድንጋይ ላይ ተለጥፌ፣ እመቤቴ ከታች፣ ባሌ ከላይ፣ ሁለቱም ስለ ሻይ ያወሩኛል! እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

"ወላሂ ብታወርደኝ ይችን ገመድ እዚሁ እፈታታለሁ!"

"አብደሻል? ከሥራ ብታባርርሽስ?"

"ታባርረኝ! ሳብ!"

ሳበ። ጫፉ ላይ ስደርስ ጀማል ላብ በላብ ሆኗል። "አትፈቺውም ነበር" አለኝ። "እፈታው ነበር" አልኩት፤ እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓባይ ከሥራችን በቋጥኞቹ መሃል እየታጠፈ ይሄዳል። ማዳም ሦስት ጊዜ ተጣራች። በመጨረሻ ሩባ ማዳመጫዋን ነቅላ ከሰሉን ስታራግብ አየናት። ፀሐይ እስክትጠልቅ አልወረድኩም።

ሦስተኛው ቀን፣ መልስ

መንገዱን ሙሉ ማዳም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቡሪ ስንወርድ ግን ፈነዳች። "ላዝናናሽ ወስጄሽ በሰው ፊት አዋረድሽኝ! ነገ በጠዋት ነይ፣ የሚታጠብ ልብስ አለ።"

አፌን ሳልከፍት ጀማል የመኪናውን ቁልፍ እጇ ላይ አስቀመጠላት። "ነገ ፈቃዷ ነው፣ ማዳም። ከነገ ወዲያ ትመጣለች።"

አላባረረችኝም፤ ወር ሙሉ ግን ፊቷን አጠቆረችብኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው መኪናም እንደዚያው ነው። አውቶቡስ ቢያንገላታም ሻይ አፍዪ አይልም። ከዚያ ወዲህ ፈቃዴ መቼ እንደሆነ እነግራት ነበር፤ የት እንደምሄድ ግን ነግሬያት አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ዴም ባለችው ክፍላችን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ ጀማል ሻይ አፍልቶ ይዞልኝ ቆሟል። ቀመስኩት።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ስኳር ጨምርበት" አልኩት፣ ከአልጋዬ ሳልነሳ።