ልጃቸውን ከክፍሉ ያስወጣሁ ዕለት

ነርስ ከመሆኔ በፊት ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እቆርጥ ነበር። የነርስነት ትምህርቱን የጨረስኩት በምሳ ሰዓቴ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነው። ከዚያም በማህፀን ካንሰር ምክንያት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሴቶች የሚያገግሙበት ክፍል ተመደብኩ።

እዚያ በሠራሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አንዲት እናት ማህፀናቸው ወጥቶ እኛ ዘንድ ተኙ። ታክሲ የሚነዳው ልጃቸው ከአጠገባቸው ሳይለይ ያስተረጉማል። ሐኪሞቹ ያማቸው እንደሆነ ሲጠይቋቸው እናትየው "ደህና ነኝ" ይላሉ። ደም ይፈሳቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ልጁ ራሱ አፍሮ ጥያቄውን ይዘለዋል። ተነስተው እንዲራመዱ ሲነገራቸው ደግሞ ፊታቸውን ያዞራሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተረኛዋ ነርስ "እምቢተኛ ናቸው" ብላ አስረከበችኝ።

"ኦኬ ናት፣ ደክሟት ነው" አለኝ ልጁ ገና ስገባ።

"ወንድሜ፣ እስቲ ወርደህ ቁርስ ቀምሰህ ና" አልኩት። እናቱን አየት አድርጎ ወጣ። መጋረጃውን ሳብኩና አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። የት ጋ ነው የሚያምዎት?"

"ልጄ፣ ይሄን በወለድኩት ልጅ አፍ እንዴት ላስወራው?" አሉና ስለሚፈሳቸው ደም ነገሩኝ። አየሁት፤ ትንሽ ነው፣ የሚጠበቅ ነው።

"ሌላስ?"

"ይሄ ግራ እግሬ ከትናንት ጀምሮ አላስረግጠኝ ብሏል። አንዱን ከተናገርኩ ሁሉንም ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ባታቸው አብጧል፤ ስነካው ይፋጃል። ደነገጥኩ፤ ግን ፊቴ ላይ እንዳያዩብኝ ፈገግ አልኩ። "እንዳይነሱ" ብያቸው ተረኛው ሐኪም ጋ ደወልኩ።

"ከቀዶ ጥገና በኋላ እግር ያብጣል" አለኝ።

"ያበጠው አንዱ ብቻ ነው። አሁኑኑ መጥተህ እየው" አልኩት። ሐኪም እንደዚያ ሳናግር የመጀመሪያዬ ነበር።

መጣ። አልትራሳውንድ ታዘዘ፤ ደም ሥራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። የረጋው ደም ወደ ሳንባቸው ሳይሄድ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ተጀመረላቸው። ሐኪሙ በሁሉም ፊት "ያገኘችው እሷ ናት" አለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ክንዴን ይዘው ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱ። ልጃቸው ከኋላችን እያለቀሰ ይከተለናል። "ዞር በል፣ ታደናቅፈናለህ" አሉት።

አለቃችን ለአዳዲሶቹ ነርሶች ይህን እንድነግራቸው ጠየቀችኝ። ሴትን መጀመሪያ ብቻዋን አናግሯት፣ አስተርጓሚውም ቤተሰብ አይሁን አልኳቸው። ዛሬ ክፍላችን የሚሠራው እንዲሁ ነው። እኔ ያመጣሁት ልማድ መሆኑን ስናገር አላፍርም።